የእንሶስላ ሥር

ደብሪቱ የአበባውን ጅራት ሥላ ጨርሳ ወደ ሥሩ ልትወርድ ስትል በር ላይ ዋይታ ተነሳ።

ብሩሹን በጥርሷ ነክሳ ሰሌዳውን ከጎታው ክዳን ላይ አነሳች። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ መገልበጥ አይቻልም። ጓዳው ውስጥ ያለ ጠፍጣፋ ቦታ ሁሉ ጎረቤት ባመጣው መሶብና የወጥ ድስት ተይዟል። ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ ከጎታው ጀርባ ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጋ አቆመችው። አበባው የቆመበትን ጣሳ ከማሰሮዎቹ መሀል ሸሸገች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወጣች።

የመጡት የዛሪማ ዘመዶች ነበሩ። መርዶው ዘግይቶ ስለደረሳቸው ቀብሩ አልፏቸዋል። ያመለጣቸውን ለቅሶ ሁሉ አሁን ሊያለቅሱት ነው የመጡት።

«አለቃዬ፣ አለቃዬ፣ ለመላእክቱ ዓይን ማን ይሥራላቸው!» አለች ከፊት የምትመራው ሴት፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

ደብሪቱ አብራቸው አለቀሰች። እንባዋ የውሸት አልነበረም። አባቷን የቀበረችው ትናንት ነው። ነገር ግን ደረቷን እየመታች እንኳ ልቧ ጓዳ ነበር። እንሶስላ ግንዱ ውሃ ያዘለ ተክል ነው፤ ከወንዝ ዳር ከተነሳ ውሎ አያድርም። አሁን ቅጠሉ ዝሏል፣ አሁን ነጩ አበባ ጠርዙ ጠቁሯል እያለች ታስባለች። እንዲህ ስታስብ ራሷን ትታዘባለች። ራሷን ስትታዘብ ደግሞ ትናደዳለች። የምትናደደው በማን እንደሆነ ለይታ ብታውቀው ይቀላት ነበር።

ዘመዶቹ ተቀምጠው ውሃ ሲቀርብላቸው ወደ ጓዳ ልትመለስ ተነሳች። አክስቷ እትዬ አምሳል ከመደቡ ላይ ሆነው በዓይናቸው መለሷት። የአባቷ ታላቅ እኅት ናቸው። መርዶውን እንደሰሙ ከጭልጋ መጥተው የቤቱን ነገር ሁሉ በእጃቸው አስገብተዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ምን እንደሚቀርብ፣ ደብሪቱ መቼ እንደምትነሳና መቼ እንደምትቀመጥ።

«የት ነው እንዲህ የምትመላለሺው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው ሊያጽናናሽ መጥቶ ጀርባሽን ያያል?»

ደብሪቱ ተቀመጠች።

ሥዕል ሊመረምሩ ከአዲስ አበባ የመጡት ሰው ረቡዕ ከአዘዞ በአውሮፕላን ይመለሳሉ። ይህን ያወሩላት ሳይንስ ያስተማሯት አቶ የሻው ናቸው። ክረምቱ ሲገባ ጠርተዋት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ያገሩን ዕፅዋት እየሰበሰበ የሚያደርቅና የሚያጠና ክፍል ተከፍቷል፤ ያን ሁሉ ተክል በሥዕል የሚያስቀምጥለት እጅ ይፈልጋል። መግባት የሚሻ ሥዕሎቹን ሰብስቦ ያቀርባል፣ አቶ ሐብተ ማርያም የሚባሉት ኃላፊ ይመረምራሉ፣ ያለፈ ይቀጠራል። ደንቡ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ ተክል በልኩ ይሣል፤ ሥሩ፣ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ አበባውና ፍሬው አይጉደል፤ እንዳለ ይሁን እንጂ እንዲያምር ተብሎ አይለወጥ።

ደብሪቱ ክረምቱን ሙሉ ስትሥል ከረመች። ግራዋውን፣ ቀጠጥናውን፣ ሰንሰሉን ከአጥር ሥር አገኘች። ጦስኙን ከደባርቅ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ከነአፈሩ አመጡላት። እንሶስላውንም ሥላ ጨርሳው ነበር። አባቷ ባይናገሩ ኖሮ ዛሬ ካርቶኑን በሲባጎ አሥራ ረቡዕን ትጠብቅ ነበር።

አለቃ ወልደኢየሱስ የታመሙት በጳጉሜን ነው። መስከረም ላይ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። እሷ መድኃኒታቸውን ከሰጠች በኋላ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ትሥላለች፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው ይተኛሉ። ሥዕሎቿን አይተውላት አያውቁም። የመጀመሪያውን ሉህ ያሳየቻቸው ቀን ወረቀቱን ገልብጠው ነበር የመለሱላት።

«ሥሩን ምነው አወጣሽው?» ነበር ያሉት ያን ጊዜ።

«ደንቡ ነው፣ አባባ። ከነሥሩ ካልሆነ አይቀበሉትም።»

«ሥሩ ከታየ ሞቷል ማለት ነው። የሞተ ትሥያለሽ?» አሉና ቀጥለው፣ «ያዩትን መሣል ክፉ ነው፣ ልጄ። ያሳየሽ ሰው ጌታሽ ይሆናል» አሏት።

ይህን ከየትኛው መጽሐፍ እንዳወጡት ጠይቃቸው ነበር። አልመለሱም። እሷም የሽማግሌ ነገር ብላ ተወችው።

እሷ የምታውቃቸው አባት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀለም ፈጭታላቸዋለች፣ የእንቁላል አስኳል ለይታላቸዋለች። ሴት ልጅ መቅደስ ግድግዳ ላይ ስለማትሥል፣ ቤት ውስጥ በከሰል እያሠሩ መስመር አስተምረዋታል። የመልአክ ዓይን እንዴት እንደሚከፈት፣ ክንፍ ከየት እንደሚጀምር ታውቃለች። ቅጠል ደግሞ አንድ ዓይነት ነበር። ልብ ይመስላል፣ መሀሉን መስመር ይከፍለዋል፣ ሁለቱም ጎኑ እኩል ነው። «እግዚአብሔር ሚዛን አያዛባም» ይሏት ነበር። አሁን ሕያው ቅጠል ፊቷ አስቀምጣ ስትሥል እጇ ወደዚያ እኩልነት ያዘነብላል። ታጠፋለች፣ ደግማ ትሥላለች፣ እንደገና ያው ይሆናል። ስንት ሉህ ቀድዳ ጥላለች።

ታዲያ በመስከረም መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው በእጇ ላይ ያለውን ሉህ ተመለከቱ።

«ይሄ አበባ ወደ ሰማይ የሚያየው ምን ፈልጎ ነው?»

«አበባ ነዋ፣ አባባ።»

«እንሶስላ አንገቱን ይደፋል። ከአንገቱ ኋላ ያለው ጅራትም እንዲህ አይንጠለጠልም፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል።»

ደብሪቱ ደሟ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ዞር ብለው ሳያዩላት፣ ዛሬ ሲያዩ የታያቸው ስሕተት ብቻ ነው።

«እርስዎ አበባ ከፊትዎ አስቀምጠው ሥለው ያውቃሉ?» አለቻቸው።

አባቷ አንገታቸውን ወደ ትራሱ መለሱ። ከዚያ፣ «አይ፣ አላውቅም» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሉሁን ሳትነካው ተወችው። በጥቅምት መጀመሪያ አባቷ አረፉ። ከቀብሩ ማግስት ንጋት ላይ ውሃ ልትቀዳ ቀሐ ወንዝ ስትወርድ ግን ጥላው ሥር የበቀለውን እንሶስላ አየችው። አበቦቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጅራታቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንስራዋን አስቀምጣ ቆማ ቀረች። ከዚያ በጣቷ አፈሩን ቆፍራ አንዱን ከነሥሩ ነቀለችና በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤት ይዛው ገባች። ጓዳ ተደብቃ አዲስ ሉህ የጀመረችው ለዚህ ነበር።

ዛሪማዎቹ ሲረጋጉ የላይ ሰፈር ሰዎች መጡ። እነሱ ሲቀመጡ የማኅበሩ ሰዎች መጡ። ደብሪቱ ወደ ጓዳ የገባችው ብርሃኑ ሊሄድ ሲል ነው። አበባው ተሸብሽቧል። ደግነቱ አበባውን ጨርሳዋለች፤ የቀራት ፍሬውና ሥሩ ነው። ፍሬውን ለመሣል ጫፉን ቀና ልታደርግ በጣቷ ብትነካው ጧ ብሎ ፈነዳና ዘሩን በማሰሮዎቹ ላይ በተነው። የእንሶስላ ፍሬ ሲበስል ሲነኩት እንደሚፈነዳ ልጅ ሆና ታውቅ ነበር። ረስታዋለች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ በዝግታ፣ ማንም እንዳይሰማት አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። ከትናንት ጀምሮ ብቻዋን ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ሰልስት ነበር። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሲወጡ ዳሱ በሰው ሞላ። ደብሪቱ ውሃ ይዛ በሴቶቹ መሀል ስታልፍ ጀርባቸውን የሰጧት ሁለት ጎረቤቶች ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«ሸጋ ሰው ነበሩ። ያችን የጣሊያን ጊዜዋን ብቻ እግዜር ይቅር ይበላቸው።»

«ተይ፣ እሱን ከንስሐ አባታቸው ጋር ጨርሰውታል። በሙት አይፈረድም።»

ደብሪቱ ቆመች። አንደኛዋ ዞር ብላ አየቻትና ውሃውን ተቀብላ እጇን ሳመቻት። «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አለች፤ ምንም እንዳልተናገረች ሁሉ።

ጠይቃ ትረዳ እንደሆነ እያሰበች ወደ ቤት ስትገባ እትዬ አምሳልን ጓዳው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። በእጃቸው የእንሶስላውን ሥር ይዘዋል። ወፍራሙ ሥር ተልጦ የእትዬ አምሳልን ጣት አቅልቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እትዬ፣ ያስቀምጡልኝ። ልነግርዎት ነው።»

«ምኑን ትነግሪኛለሽ? እንሶስላ ለምን እንደሚፈለግ አላውቅም?» ሥሩን ወደ ፊቷ አቀረቡት። «የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ፣ በሰልስቱ ቀን፣ እንሶስላ ልትሞቂ? እጅሽን አቅልተሽ ለማን ልትታዪ ነው?»

«ልሞቀው አይደለም። ልሥለው ነው።»

እትዬ አምሳል ለጊዜው አልገባቸውም። ከዚያ ከጎታው ጀርባ ያለውን ሰሌዳ አዩት። ቀለሙን፣ ጣሳውን፣ ብሩሹን አዩ። ፊታቸው ከቁጣ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ደብሪቱ ፍርሃት መሆኑን የተረዳችው ቆይታ ነው።

«ከሐዘን ቤት ተደብቀሽ ሥዕል።»

«ነገ ይሄዳሉ፣ እትዬ። የሚመረምሩት ሰውዬ ነገ ይሄዳሉ። ይህ ካለፈኝ ሌላ ጊዜ የለም። ሌላውን ሁሉ ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ የዚህ ሥርና ፍሬ ብቻ ነው።»

«ለፈረንጅ ነው?»

«ኢትዮጵያዊ ናቸው።»

«ትምህርታቸው የፈረንጅ ነው። አበባ ሣል የሚል ያገር ሰው የለም። እሱንም ያበላሸው ይኸው ነው።» እትዬ አምሳል ያሉትን ሲሰሙት ራሳቸው ደነገጡ።

«ማንን ነው ያበላሸው?»

«ዝም በይ። ሰው ይሰማል።»

«ሰውማ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ። አባቴ ምን አደረገ?»

አክስቷ ወደ ጓሮው ዞሩ። ተክሉን ከነሥሩ በቀሚሳቸው ሥር ሸጉጠው በጓሮ በር ወጡ። ደብሪቱ ተከትላቸው ስትደርስ የወጥ ድስት ከተጣደበት ትልቁ ምድጃ ውስጥ ወርውረውታል። እርጥብ ስለነበረ ቶሎ አልነደደም። ጢሱ ብዙ ነበር። ወጥ የሚያማስሉት ሴቶች ምን እንደተጣለ ሳያውቁ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ደብሪቱ እትዬ አምሳልን አልጮኸችባቸውም። በሐዘን ቤት ጩኸት የሚፈቀደው ለሙት ነው። ዞራ ወደ ዳሱ ሄደችና በወንዶቹ በኩል ጥጉን ይዘው የተቀመጡት አያ ቢያዝን ፊት ቆመች።

አያ ቢያዝን ግድግዳ ለሳኝ ናቸው። አባቷ በሚሥሉበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ አስቀድመው ገብተው ግድግዳውን የሚያለሰልሱት እሳቸው ነበሩ። ሁለቱ ሲሠሩ ኖረው አብረው አርጅተዋል።

«አያ ቢያዝን፣ ለአንድ ጉዳይ ፈልጌዎት ነበር።»

ሽማግሌው ፊቷን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ተነሱ። ከአጥሩ ውጭ ወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አባቴ በጣሊያን ጊዜ ምን አደረገ?»

አያ ቢያዝን ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሁሉም የሚያወራው ለራሱ ነው።»

«ምንም ክፉ አላደረገም» አሉ። «ሰው አላስያዘም፣ ሰው አላስገደለም። አበባ ሣለ።»

«አበባ?» አለች ደብሪቱ።

«አራዳ፣ አሁን የእህል መጋዘን የሆነው ቤት፣ ያኔ የመኮንኖች መጠጥ ቤት ነበር። እኔን ለልስን ወሰዱኝ፣ እሱን ደግሞ ከኔ ጋር አዩት። አንዱ መኮንን የእርሳስ ሥዕሉን አየና ይህን ሰው አምጡልኝ አለ። እነሱ የፈለጉት ቅዱሳንን አልነበረም። ያገሩን አበባና ቅጠል ግድግዳው ላይ ዙሪያውን እንዲሥል ነው። እንቢ ቢል ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። እንቢ አላለም።» ዱላቸውን ከእጅ እጅ አዛወሩ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ በኋላ በኋላ ደስ ብሎት ነበር የሚሠራው። ለዚያም ነው ራሱን ይቅር ያላለው። ጠዋት ጠዋት ወንዝ ይወርዳል፣ ተክሉን ከነሥሩ ያመጣል፣ ፊቱ አስቀምጦ ያያል። አንድ ቅጠል ለመሥራት ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ቢያዝን፣ እኔ እስከ ዛሬ ቅጠል አላየሁም ኖሯል ይለኝ ነበር።»

«እንሶስላስ ሥሎ ነበር?»

«እንሶስላውን? ስንቱን ጊዜ! አንገቱ አልመጣልኝም እያለ ይፍቀው ነበር።»

ደብሪቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ጠላት ሲወጣ ሰው ፊት ነሳው» ብለው ቀጠሉ አያ ቢያዝን። «ሌላው ሰው በበረሃ ሲሞት አንተ ለገዳዮቹ መጠጥ ቤት ስታስጌጥ ነበር አሉት። ቤተ ክርስቲያኑም ሥራ አይሰጠኝም ብሎ ፈራ። ንስሐ ገባ። ከዚያ እኔና እሱ ኖራ በጥብጠን ሄድንና ያን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቀባነው። ብሩሹን አልሰጠኝም፤ ራሱ ነው የቀባው። ከዚያ ወዲህ በዓይኑ አይቶ የሣለው ነገር የለም። የሚሥለው አባቶች እንደሣሉት ብቻ ሆነ።»

«ለምን አልነገረኝም?» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋ ከሐዘን ይልቅ ቁጣ ነበረበት። «ቅጠል አልወጣልኝ ብሎ ስንት ሳምንት ስፍቅ አጠገቤ ተኝቶ ነበር። ሥለው ያውቃሉ ብዬ ጠይቄዋለሁ። አላውቅም ነው ያለኝ።»

«ስታድግ እነግራታለሁ ይል ነበር። አደግሽ። ከዚያ ደግሞ አንቺው አበባ መሣል ጀመርሽ። ይህን ጊዜ ጨርሶ ፈራ። ሰው ባየ ቁጥር የኔን ያነሳባታል አለኝ።» አያ ቢያዝን ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ምን ላድርግ፣ ልጄ። ሰው ነው።»

ረቡዕ ጠዋት እትዬ አምሳል በር ላይ ነበሩ። ደብሪቱ ካርቶኑን በክንዷ ይዛ ስትመጣ አዩ። ልጅቱ የምትወጣው በሐዘን ልብሷ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው።

«ከሄድሽ ሰው ምን ይላል?» አሉ።

«ያለውን ይበል። ስለ አባቴ ያለውን ሁሉ ብሎ ጨርሷል፣ ይኸው ቀበርነው።»

እትዬ አምሳል አልያዟትም። ከበሩም ገለል አላሉም። ደብሪቱ በጎናቸው ተጠጋግታ አለፈች።

አቶ ሐብተ ማርያም አዘዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰሜን ተራራ ያመጧቸውን የደረቁ ተክሎች በሣጥን ሲያሽጉ አገኘቻቸው። ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። አቶ የሻው አስቀድመው ስሟን ነግረዋቸዋል። ካርቶኑን ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ ፈቱና አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመሩ።

«ይሄ ቅጠል» አሉ በመጨረሻ፣ ግራዋውን እያሳዩ፣ «ግራና ቀኙ ለምን እኩል ሆነ?»

«እጄ ነው።»

«ቀጠጥናውም እንደዚሁ። ተክል በመስተዋት አይበቅልም፣ እመቤት።» ወደ ጎን አስቀመጧቸው። ጦስኙን ረጅም ጊዜ አዩት፣ «ይሄ ሸጋ ነው» አሉና ለብቻው አኖሩት። ሰንሰሉንም አብረው አኖሩ። እንሶስላው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«አበባው ትክክል ነው። ብዙ ሰው ቀና አድርጎ ይሥለዋል። ይህን ማን አሳየሽ?»

«አባቴ።»

«ሠዓሊ ናቸው?»

«የቤተ ክርስቲያን።»

«ይሄንንስ ከቤተ ክርስቲያን አልተማሩትም» አሉ፤ ሉሁንም ወደ ታች ሳቡት። «ሥሩስ?»

ከግንዱ በታች ወረቀቱ ባዶ ነበር።

«የለም» አለች ደብሪቱ። «አልጨረስኩትም።»

«ፍሬውም የለም። ይህን መቀበል አልችልም።»

ልትነግራቸው አልፈለገችም ነበር። ግን እልሁ አሸነፋት። «ሐዘን ላይ ነኝ። አባቴን እሑድ ነው የቀበርኩት። ተክሉን ምድጃ ውስጥ ጣሉብኝ።»

አቶ ሐብተ ማርያም ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ልብሷን አዩ። ከወንበራቸው ተነሱ። «እግዜር ያጽናሽ» አሉ። ከዚያ ተቀመጡና ሉሁን እንደገና ተመለከቱት። «ሥሩ ግን የለም» አሉ ቀስ ብለው።

ደብሪቱ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፣ እንባም ሊያመልጣት ነበር። ሁለቱንም ዋጠች።

«እንዲህ እናድርግ» አሉ ሰውዬው። «ጦስኙንና ሰንሰሉን ወስጃለሁ። የእንሶስላውን ከነሥሩ ከነፍሬው፣ ግራዋውንና ቀጠጥናውን ደግሞ ከአዲስ ሠርተሽ እስከ ኅዳር ጽዮን በፖስታ ላኪልኝ። ከደረሱኝና ካማሩኝ እጠራሻለሁ። ካልደረሱኝ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

«አልፌያለሁ ማለት ነው?»

«አልወደቅሽም ማለት ነው።»

ካርቶኑን አሥራ ወጣች። የጠበቀችው አንዱን ነበር፤ ወይ እሺ፣ ወይ እንቢ። ያገኘችው ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ መሰላት። ወንዝ ወርዳ እንደገና ትቆፍራለች፣ እንደገና ትደብቃለች፣ ከእትዬ አምሳል ጋር እንደገና ትጣላለች። ቅጠሉ እኩል ሲሆንባት ይህ እንዲህ አይደለም ብሎ የሚያርማት የለም። ያ ሰው ከፊቷ ለሳምንታት ተኝቶ ነበር።

ወደ ከተማ የምትመለስ ማኪና ላይ ተሳፈረች። ሰፈሯ ሳትደርስ አራዳ ላይ ወረደች።

የእህል መጋዘኑ ጠባቂ አበቡ የምትባል ሴት ናት። ልትመልሳት አፏን ከፍታ ነበር፤ የሐዘን ልብሷን ስታይ ግን ዝም አለች። «ምን ጠፍቶሽ ነው፣ እታለም?» አለቻት።

«ግድግዳውን ላየው ነው። አባቴ ነው የቀባው።»

አበቡ አልገባትም፣ ግን በሩን ከፈተችላት። ውስጡ ጨለም ያለ ነበር። የኑግና የጤፍ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ዙሪያው ግድግዳ ሁሉ ነጭ ነው። ደብሪቱ በጆንያዎቹ መሀል እየሾለከች በእጇ እየዳሰሰች ዞረች። ኖራው ወፍራም ነበር፣ ደጋግመው ነው የቀቡት። እንደዚህ ወፍራም ኖራ የሚቀባው ምን ያህል የሚፈራ ሰው ነው ብላ አሰበች። የትም ምንም አልታየም።

ከኋለኛው ጥግ ጣሪያው ያፈሳል። እዚያ ዝናብ በወረደበት መስመር ኖራው አብጦ ከመዳፍ የሚያንስ ቦታ ላይ ተቀርፏል። ደብሪቱ ጆንያ ላይ ወጥታ ተጠጋች።

አንድ ቅጠል ነበር። የምን ቅጠል እንደሆነ አላወቀችም፤ ግንዱም አበባውም ኖራው ሥር ቀርተዋል። ጎኖቹ እኩል አልነበሩም። አንደኛው ሰፋ ይላል፣ ሌላው ትንሽ ይጨማደዳል። ጠርዙ ላይ ትል የበላው ቀዳዳ አለ። አባቷ ቀዳዳውን ጭምር ሥለውታል። ዙሪያው ደረቅ እንደሆነ ለማሳየት ቡናማ ቀለም ጣል አድርገውበታል፤ ትል የበላው ቅጠል ሁሉ እንደዚያ ነውና።

በጥፍሯ ዙሪያውን ፋቅ ልታደርግ ሞከረች። ኖራው ከሥሩ ያለውን ቀለም ይዞ ሊነሳ ሲል ተወችው።

«እታለም፣ ልዘጋ ነው» አለች አበቡ ከበሩ።

«መጣሁ።»

አልመጣችም። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ፣ ቅጠሉ ላይ የቀረውን የኖራ አቧራ እናት የልጇን ፊት እንደምትጠርገው ቀስ አድርጋ ትጠርግ ጀመር።